ከቆጋ እህል፥ ከዘጌ ጌሾ

የቆጋ ወንዝ በመራዊ ከተማ አጠገብ ወርዶ፥ ከግልገል ዓባይ ጋር ተደባልቆ ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሜጫን ሜዳ ያገኛል። ቀድሞ ይህ ሜዳ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውሃ የሚናፍቅ ነበረ፤ ዛሬ ግን ወንዙ ተገድቦ 7,000 ሄክታር ለሚያህል መሬት የመስኖ ውሃ ስለሚሰጥ፥ በበጋ ወራት ስንዴው፥ ድንቹና ሽንኩርቱ ለምልሞ ይታያል። በክረምት ደግሞ ገበሬው በቆሎና ዳጉሳ ይዘራል። ዳጉሳ ብዬ ስጽፍ ከአንባብያን አንዳንዶቹ ፈገግ ሳይሉ እንደማይቀሩ ዐውቃለሁ። ዳጉሳ ለእንጀራም ይሆናል፤ ነገር ግን በጐጃም ምድር የዳጉሳ ስም ከተነሣ የጠላ ስም አብሮ ሳይነሣ አይቀርም።

የጕዞዬን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። እኔና ጎረቤቶቼ በየወሩ በ12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል ስም የምንሰበሰብበት የጽዋ ማኅበር አለን። አባላቱ 12 ስለ ሆንን ተራው ለእያንዳንዳችን በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። በ2010 ዓ.ም. ከወንድሞቻችን የአንዱ ባለቤት አራስ ስለ ነበረች፥ ጠላ የሚጠምቅለት ሰው አጥቶ ሁለት ሣጥን ቢራና ጥቂት ለስላሳ ገዝቶ ዘከረ። ማንም አልነቀፈውም፤ የሚነቀፍበትም ነገር አልነበረም። የሚቀጥለው ባለ ተራ ግን ባለቤቱ አራስ ሳትሆን እንደዚያው አደረገ፤ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ላለማነስ ሣጥን ጨመረ። አራተኛው ባለ ተራ በእርሻ የሚኖር፥ ጎተራው ዳጉሳ የማያጣ፥ ኪሱ ግን ጥሬ ገንዘብ የማይበረክትበት ወንድማችን ነበረ። ይህ ሰው ጠላ ላቅርብ ቢል አፈረ፤ ቢራ ልግዛ ቢል ቸገረው፤ ስለዚህ ምክንያቱን ለማንም ሳይናገር ጽዋውን ሳይቀበል ቀረ። ከዚያም ወር ጀምሮ ከማኅበሩ ራቀ። እኛም «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» እየተባባልን ብዙ ወር አሳለፍን። እውነቱን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ እርስዋም የሰማችው ውሃ ስትቀዳ ከሴቶቹ አፍ ነው።

የእኔ ተራ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ይደርስ ነበር። በቤቴ ጠላ እንዲጠመቅ በልቤ ቈርጬ ስለ ነበር፥ በዚያው ዓመት በየካቲት መጀመሪያ፥ በትምህርት ቤታችን የመንፈቅ ዕረፍት፥ ጌሾውን ከበቀለበት ከዘጌ ልገዛ፥ በዚያውም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልሳለም ተነሣሁ። ጌሾ በመራዊ ገበያ አይታጣም። ሆኖም ሰው አንድ ነገር ሊጠፋ ሲል ነው ከሥሩ ለማየት የሚጓጓው።

ቅዳሜ የካቲት 2 ቀን ማለዳ ባሕር ዳር ደረስሁ። ስለ ከተማይቱ ውበት፥ ስለ ዘንባባዎችዋና ስለ ሰፋፊ ጐዳናዎችዋ ብዙዎች ስለ ጻፉ እኔ አላስረዝምም። ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ የጀልባ ዋጋ ብጠይቅ፥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚቀመስ አልሆነም። ባለ ጀልባው ግን አዝኖልኝ፥ ከሁለት የውጭ አገር ጐብኚዎችና ከአስጐብኚያቸው ጋር በአንድነት እንድሄድ ፈቀደልኝ። ጐብኚዎቹ ከቤልጅግ የመጡ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ፤ አስጐብኚው ትሑት የሆነ የባሕር ዳር ወጣት ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በመንገዳችን ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ ሲመጡ አገኘን፤ ቀዛፊው በውሃው ላይ የተቀመጠ እንጂ በታንኳ ላይ ያለ አይመስልም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፥ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ከግልገል ዓባይ ጋር ወደዚህ የሚገባውን የአገሬን የቆጋን ውሃ ሳስብ፥ ከእኔ ቀድሞ መድረሱ አሳቀኝ።

ሽማግሌው ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበሩ። መምህር መሆኔን በሰሙ ጊዜ ስለ አገራቸው ይነግሩኝ ጀመር። በአገራቸው አሮጌ የቢራ መጥመቂያ ቤቶች እንደ ቅርስ ተጠብቀው ለተመልካች ክፍት እንደ ሆኑ፥ እርሳቸውም በጡረታ ዘመናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ የመዳብ ጋኖቹን፥ የብቅል ማድረቂያውን ሰገነትና የምድር ቤቱን ጓዳ መመልከት እንደሚወዱ አጫወቱኝ። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም እውነት ነው። የቤልጅግ ሕዝብ የቢራ ባህል በ2016 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊንም በ1904 ለጊነስ ቢራ መብላያ የተሠራው ታላቅ ሕንጻ ሥራውን ከተወ በኋላ፥ ከ2000 ጀምሮ አስጐብኚ ተመድቦለት የጐብኚ መናኸሪያ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚደንቀኝ በስዊስ አገር በቅዱስ ጋል ገዳም የሚጠበቀው፥ በ9ኛው መቶ ዓመት በብራና ላይ የተሣለ የገዳም ንድፍ ነው። በዚያ ንድፍ ውስጥ ሦስት የመጥመቂያ ቤቶች ተለይተው ተሥለዋል፤ አንዱ ለመነኮሳቱ፥ አንዱ ለክቡራን እንግዶች፥ አንዱም ለነዳያንና ለተሳላሚዎች ነው። ንድፉን የሣለው ሰው ለድኻው መጠጥ የሚሠራበትን ቤት አልረሳም።

ሽማግሌው ይህን ከተናገሩ በኋላ «የእናንተስ አሮጌው የመጥመቂያ ቤት የት ነው?» ብለው ጠየቁ። አስጐብኚው ፈጥኖ መለሰ። በአዲስ አበባ በ1922 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተመሠረተውን የጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ፥ ከሰበታም ሜታ አቦን ጠራ። ለባሕር ዳር ደግሞ የሚቀርበው በ2000 በጐንደር ሥራ የጀመረው ዳሽን መሆኑን አስረዳ። መልሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ለእኔ የመጥመቂያው ዕድሜ መቶ ዓመት ብቻ ሆኖ መታየቱ ቅር አሰኘኝ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በቤጃ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ፥ ተማርከው በመንገድ ላይ ለነበሩት ሰዎች ከተሰጠው ስንቅ ጋር መጠጡም ተቈጥሮ ይገኛል። በግእዝ ጠላን ስዋ፥ ጠጅን ሜስ እንላለን። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ዛሬም ጠላን ስዋ ይሉታል። እንግዲህ ስሙ እንኳ ይህን ያህል ዘመን የኖረ ነገር ቤት የለውም ይባላልን? ብዬ ጠየቅሁ፤ ሽማግሌውም «ታዲያ ቤቱን አሳየኝ» አሉኝ። ወዲያው መልስ አጣሁ።

ዘጌ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ባሕረ ገቡ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ በደን የተሸፈነ ነው። ከትልልቁ ዛፍ ሥር ቡና፥ ከቡናው መካከል ሎሚ፥ በየአጥሩና በየጓሮው ደግሞ ጌሾ አለ። እንደ አካባቢው ትውፊት፥ ቡናውና ጌሾው ገዳሙን ለመሠረቱት ለአቡነ በትረ ማርያም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፤ ስለዚህም የዘጌ ሰው መሬቱን በበሬ አያርስም፥ ከብትም አያረባም። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በጥበቃ ሠራተኛ ብዛት አይደለም፤ በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። የማያርስ ሰው እህል የለውም፤ እህል የሌለው ሰው ደግሞ ጌሾ ብቻውን ጠላ አይሆንለትም። እኛ በቆጋ በኩል ያለን ደግሞ ዳጉሳና ገብስ አለን፤ የዘጌ ጌሾ ባይመጣልን ግን ዳጉሳችን ገንፎ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ በታንኳና በአህያ እህሉ ወደዚያ፥ ጌሾው ወደዚህ ሲመላለስ ኖሯል። በጣና ዙሪያ የሚጠጣው ጠላ የደጋው አራሽና የማያርሰው የገዳም አገር በአንድ ጋን ውስጥ የሚገናኙበት ነው። ይህን ለሽማግሌው ብነግራቸው በትንሽ መጽሐፋቸው ጻፉት።

ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በቡናው መካከል ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ የመቅደሱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሥዕሎቹ መካከል የበላዔ ሰብ ታሪክ አለ። አስጐብኚው ለእንግዶቹ «ይህ ሰው 78 ሰዎችን የበላ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ሥዕል ሊያልፍ ሲል፥ ይቅርታ ጠይቄ አቆምሁት። የበላዔ ሰብ ታሪክ የተሣለው ስለ በላው አይደለም። በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ሆኖ ስላዳነው ነው እንጂ። የቃል ኪዳንዋ በዓል በየካቲት 16 ቀን ሲከበር ይህ ታሪክ ይታሰባል። የሽማግሌው ባለቤት፥ እስከዚያ ድረስ ብዙ ያልተናገሩት፥ ወደ ሥዕሉ ቀርበው ጥርኙን በጣታቸው ሳይነኩ አመለከቱና «እንዲህ ትንሽ?» አሉ። አዎን፥ እንዲህ ትንሽ።

ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ ዳቦና ጠላ ቀምሰው የሚለያዩበትን ደጀ ሰላም ማን ክርስቲያን አያውቀውም? በልጅነቴ ዲያቆን ሳለሁ ከሁሉ የምወደው ቤት እርሱ እንደ ነበር አልክድም። ለሽማግሌው ላሳየው የሚገባኝ ቤት ይህ መሆኑ የታወቀኝ በዑራ ቅጽር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው። «ይኸው፥ አሮጌው ቤታችን ይህ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ዙሪያውን አይተው «ነገር ግን እዚህ ይጠጣል እንጂ አይጠመቅም» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ አስጐብኚው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወዳለ አንድ የሣር ቤት መራን፤ በዚያ የምትኖር እናት ለበዓሉ እየጠነሰሰች መሆኑን ሰምቶ ነበር።

እናቲቱ ዕድሜዋ ከሰባ የሚያንስ አይመስለኝም። ስንገባ ጋኑን በወይራ ጢስ ላይ ደፍታ ታጥን ነበር። ጢሱ ዓይናችንን አስነባው፤ እርስዋ ግን አልነካትም። «እንደምን አደሩ እናቴ» ብዬ እጅ ብነሣ፥ አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብና የያዝሁትን መቋሚያ አይታ «ደኅና፥ ልጄ፤ መምህር ነህ መሰለኝ፥ ግባ» አለችኝ። ለእንግዶቹም በርጩማ አቀረበች።

የጠላን አጠማመቅ ብዙዎቻችን ጓዳ ለጓዳ ስናልፍ ያየነው ቢሆንም፥ ቈጥረን ያወቅነው ጥቂቶች ነን። አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፥ በወይራም ይታጠናል። ከዚያ የደቀቀ የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ይበጠበጥና ጥንስስ ይሆናል። ብቅል የሚባለው ገብሱ ወይም ዳጉሳው ርሶ፥ በቅጠል ተሸፍኖ ካቈጠቈጠ በኋላ ደርቆ ሲፈጭ ነው። ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ፥ ተቈልቶና ተፈጭቶ በውሃ የታሸው እህል በምጣድ ላይ ይበስላል፤ ይህም እንኩሮ ይባላል። እንኩሮው፥ የቀረው ብቅልና የጌሾው እንጨት በአንድነት ሲገቡበት ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የጋኑ አፍ ይመረጋል። ሳይጠልል ቢቀዳ ጉሽ ነው፤ ቢጠልል ጠላ፤ በተረፈው ላይ ውሃ ቢጨመርበት ደግሞ ለልጆችና ለተማሪዎች የሚሆን ቅራሪ ነው። በዚህ ሥራ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። ሙቀቱ፥ ውሃው፥ የጌሾው መጠን አንዱ ቢዛባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ የሚለካበትም መሣሪያ የሴቲቱ አፍንጫና ምላስ ብቻ ነው።

በመካከሉ አንድ የቋንቋ ነገር ለሽማግሌው ነገርኋቸው። በአማርኛ ጠላ ሲሠራ ጠመቀ እንላለን፤ ሕፃን ክርስትና ሲነሣም ተጠመቀ እንላለን። የሁለቱም ሥር በግእዝ በውሃ ውስጥ መንከርን የሚያመለክት አንድ ቃል ነው። እናቲቱ ይህን ሰምታ ሣቀችና «ሁለቱንም የሚሸከመው ውሃ ቀጂው ነው» አለች።

ሽማግሌው ቤቱ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ጠየቁ። «ቤቱማ በየጊዜው ይፈርሳል፥ ይሠራል፤ ጋኑ ግን የእናቴ ነው» ብላ መለሰች። ከጋኑ ጐን ሰማያዊ የላስቲክ በርሜል ቆሞ አየሁ። ምን እንደሚያደርግ ብጠይቃት፥ ጋን የሚሠሩ ሰዎች እያነሱ ስለ ሄዱ፥ ጋንም ሲሰበር ምትክ ስለሚያስቸግር ልጆችዋ ከባሕር ዳር እንዳመጡላት ነገረችኝ። «ላስቲክ ግን ጢስ አይዝም፤ ውሃ ብቻ አኖርበታለሁ» አለች። እንግዲህ ለእኛ ቅርሱ ሕንጻው አይደለም። ጋኑ፥ ጢሱና ይህች እናት ናቸው፤ ይህም ሕንጻ ከመጠበቅ የሚከብድ ነገር ነው። ድንጋይ ቢዘነጉት መቶ ዓመት ይቆያል፤ የእጅ ዕውቀት ግን ልጆች ከተማ ሲገቡ በአንድ ትውልድ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሽማግሌው በቅንነት ኪሳቸውን ዳብሰው፥ ጠላው ሲደርስ ተመልሰው እንዲቀምሱ አስቀድመው ሊከፍሉ ፈለጉ። አስጐብኚውም ይህን ተርጕሞ ዋጋ ጠየቃት። እናቲቱ እጅዋን በቀሚስዋ ጠርጋ «ይህ ለኪዳነ ምሕረት የተጠነሰሰ ነው፤ አይሸጥም። በበዓሉ ይምጡና እንደ ማንም ይጠጡ» አለች። አስጐብኚው ጥቂት አፈረ፤ ምክንያቱም በመንገዱ ላይ ለጐብኚ የሚሸጡ ሌሎች ቤቶች አሉ። ብርጭቆ ወይም ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍተው በደጃፋቸው ያቆሙት ሁሉ ይሸጣሉ፤ መሸጣቸውም ነውር አይደለም፥ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በእርሱ አሳድገዋል። ነገር ግን የሚሸጠውና የሚዘከረው በአንድ ጋን ውስጥ አይገኝም። እናቲቱ ወደ ጓዳ ገብታ ካለፈው የተረፈ ቅራሪ በሽክና አመጣችልን፥ ዳቦም ቈረሰችልን፤ ለዚያ ዋጋ የሚባል ነገር አልተነሣም። ሽማግሌው ሽክናውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። ኰምጠጥ ብሏቸው እንደ ነበር ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ነገር ግን አልተዉትም።

እኔም የማኅበራችንን ነገር አጫወትኋት። ቢራው ገብቶ ጠላውን እንዳስወጣው፥ ወንድማችንም እንደ ራቀ ስነግራት፥ ታዝንልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርስዋ ግን «ሚስቶቻችሁ አርፈው ይሆናል፤ ለእነርሱስ ደስ ብሏቸዋል» አለች። ቀጥላም «ወንዱ ማኅበሩን ይጠጣል፥ ሴቷ ማኅበሩን ትሸከማለች። ውሃው፥ እንጨቱ፥ ጢሱ፥ ወፍጮው የማን ነው? ጠላ ይቅር ያለ ሁሉ ሃይማኖት የጠላ አይምሰልህ» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ከእርስዋ ዘንድ አምስት ኪሎ ያህል ጌሾ፥ ቅጠሉንም እንጨቱንም ገዝቼ ወጣሁ። ጌሾው ግን በዋጋ ነው፤ በዚያ አልራራችልኝም።

ስንመለስ በክብራንና በእንጦስ ደሴቶች አጠገብ አለፍን። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማትገባ የሽማግሌው ባለቤት እንዳያዝኑ ብለው ሽማግሌውም ሳይወርዱ ቀሩ። እኔ ደሴቱን እያየሁ የገዛ ልጅነቴን አሰብሁ። ሴት በማትገባበት ገዳም ለበዓል የሚሆነውን የሚጠምቁት መነኮሳቱና አርድእቱ ራሳቸው ናቸው። እኔም በዲቁናዬ ዘመን በአንድ ገዳም ስማር ውሃ በእንስራ ቀድቻለሁ፥ ብቅል አስጥቻለሁ፥ ጥንስስ በጥብጫለሁ፤ አበ ምኔቱ ሲመርቁኝ እንደ ክብር ቈጥሬው ነበር። ትዳር ከያዝሁ ወዲህ ግን ለባለቤቴ አንድ ቀን ውሃ ቀድቼ እንደ ሆነ ባስታውስ አንድም አጣሁ። በገዳም ክብር የነበረው ሥራ በቤቴ ደጃፍ ሲደርስ እንዴት የሴት ብቻ ሥራ ሆነ? ይህን ለጐብኚዎቹ አልተረጐምሁላቸውም።

ስለ ስካር ምንም ሳልናገር ብቀር ከአንባብያን የሚወቅሰኝ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሰዎች ከስካር ከለከለ፤ ለጢሞቴዎስ ደግሞ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት እንዲቀምስ መከረ፤ ሁለቱንም አንድ ሐዋርያ ነው የጻፈው። በጠላ ቤት ደጃፍ ወድቆ ያደረ ሰው ሁላችንም አይተናል፥ በማኅበርም ስም ሲሰከር አይተናል። በእኛ ማኅበር እንደ ተመለከትሁት ግን፥ ሣጥን ከገባ ወዲህ ሰው የሚጠጣው በጠርሙስ ቍጥር ነው፤ ባዶ ጠርሙስ በፊቱ ተደርድሮ ይታያልና ከጎረቤቱ ላለማነስ ይጥራል። በጠላው ጊዜ ሽክናው ይዞራል፥ አሳላፊው የሰውን ፊት እያየ ይቀዳል፥ የበቃውንም ያልፈዋል። ቢሆንም ጠላ አያሰክርም ብዬ አልዋሽም።

ይህን ጕዞ ካደረግሁ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፥ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በተከታታይ የመጣው ጦርነት ብዙ ጐብኚ አስቀርቷል፤ የአስጐብኚዎችና የባለ ጀልባዎችም ኑሮ ከብዷል። እግዚአብሔር ሰላሙን መልሶ መንገዱ ሲከፈት ወደ ዘጌ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር፥ ከሥዕሉና ከቡናው ሌላ የጌሾውን ጓሮና የደጀ ሰላሙን ጠላ ማን እንደሚጠምቀው ጠይቆ እንዲያይ እለምነዋለሁ። ከመሄዱ በፊት በየትኛው ጋን የተጠመቀ ሊጠጣ እንደ መጣ ይወቅ እንጂ።

ወደ ቤቴ ስገባ ጌሾውን በኩራት ከፊት ለፊት አስቀመጥሁ። ባለቤቴ አሽትታ «መልካም ጌሾ ነው» አለችና፥ ጥቂት ዝም ብላ «ውሃውንስ ማን ይቀዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዘጌ እስከ መራዊ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ስለ ሆነ «እኔ» አልሁ። እርስዋ አላመነችም። እኔ ግን ከፋሲካ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከቦኖ ውሃ ስቀዳ፥ እንጨት ስፈልጥ፥ ብቅል ወደ ወፍጮ ስወስድ ተማሪዎቼ በመንገድ እያዩኝ ተሳሳቁ፤ አንዳንዶቹም ጀሪካኑን ተቀበሉኝ። የጌሾውን መጠን በገዳም ስለማውቀው እኔ ልመጥን ብዬ አስቸገርሁ፤ እርስዋም ፈቀደችልኝ።

ዳጉሳው ቀረ። በጎተራችን ጥቂት ነበረን፤ ነገር ግን ባለቤቴ «ከርሱ ጠይቅ» አለችኝ፥ ማን እንደ ሆነም አልጠየቅኋትም። አንድ ማታ ወደ ራቀው ወንድማችን ቤት ሄድሁ። ስለ ቢራም፥ ስለ ጽዋውም፥ ስለ መቅረቱም አንዳች አላነሣሁም። «ወንድሜ፥ ለሚካኤል ጠላ እየጠነሰስን ነው፤ የዘጌ ጌሾ አለን፥ ዳጉሳ ግን አጠረን። ከዳጉሳህ ጥቂት ቁና ስጠን» አልሁት። ዐይኑን ጥሎብኝ ቆየና ተነሥቶ ወደ ጎተራው ሄደ። ከለመንሁት በላይ ሰፈረልኝ፥ ዋጋም አልተቀበለኝም።

ግንቦት 12 ቀን ሰኞ ማኅበሩ በቤቴ ተሰበሰበ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቈረሰ በኋላ ወንድማችን ገባ፥ ከበሩ አጠገብም ተቀመጠ። ማንም የት ነበርህ አላለውም። ሽክናው ሲደርሰው ተቀብሎ እስከ ግማሽ ጠጣ፥ አፉን ጠረገ፥ ሁላችንም ዐይን ዐይኑን ስናየው «ዳጉሳው መልካም ነው፤ ጌሾው ግን በዝቷል» አለ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ጌሾውን የመጠነው መምህሩ ነው!» ብላ መለሰችለት። ቤቱ በሣቅ ሞላ፤ እርሱም የቀረውን ጨለጠው።